ሼል ድንጋይ እንዴት ይመረመራል?

ከአርባ ምንጭ ቁልቁል ሲያዩት አባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ይህን መልክ የሰጠው ሀሬን የመሰሉ ወንዞች ከጋሞ ደጋ ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ነው። አፈሩ በሐይቅ ወለል ላይ ሲሰፍር የሞቱ አልጌዎች አብረውት ይቀበራሉ። ኦክስጅን ካላገኛቸው ሙሉ በሙሉ አይበሰብሱም። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሌላ ደለል ሲጫነው እንዲህ ያለው ጭቃ በስሱ የሚገነጠል ድንጋይ ይሆናል፤ ሼል የሚባለው ይህ ነው።

በተለመደው ፍለጋ የሚቆፈረው ከሼል አምልጦ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የተጠራቀመው ነዳጅ ነው። በኦጋዴን የካሉብ ጋዝ ምንጭ ቦክ የተባለው ሼል ነው። አዲሱ ዘዴ ግን ሼሉን ራሱን ሰንጥቆ ጋዙን ወይም ዘይቱን ያወጣል። ስለዚህ የድንጋዩን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል።

መጀመሪያ የሚለካው የኦርጋኒክ ካርቦን መጠን ነው፤ ለሼል ጋዝ ብዙ ጊዜ 2 በመቶና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ቀጥሎ ብስለቱ ይታያል። ሮክ ኢቫል የተባለው መሣሪያ ከአንድ ግራም ያነሰ የተፈጨ ናሙና ያሞቃል፤ ሃይድሮካርቦኑ በብዛት የሚወጣው በ435 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሆነ፣ ድንጋዩ ዘይት ወደሚያመነጭበት ደረጃ ደርሷል ማለት ነው። ይህ የቤተ ሙከራ ሙቀት ነው፤ ከመሬት በታች ግን ዝቅ ባለ ሙቀት፣ በረጅም ዘመን ይበስላል። ከዚያ የቀዳዳዎቹ ስፋትና ትስስር፣ በመጨረሻም ማዕድኑ ይጠናል። ኳርትዝ የበዛበት ሼል በግፊት ይሰነጠቃል፤ ሸክላ የበዛበት ግን እንደ ሊጥ ተለምጦ ስንጥቁን መልሶ ይዘጋዋል።

የአንዱ ምርመራ መልስ የሌላውን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2012 በኬንያ ሎኪቻር ነዳጅ ሲገኝ፣ ምንጩ የጥንት ሐይቅ ሼል ነበር። ነዳጁን ያገኘው ታሎው ኦይል የተባለው ኩባንያ ተስፋውን ይዞ ወደ እኛ ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከኮንሶ በስተደቡብ ባለው በጨው ባህር ሸለቆ ሺመላ የተባለውን ጉድጓድ ቆፈረ። የሐይቅ ሼል ከእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ጋር ተደራርቦ ተገኘ፤ 1,900 ሜትር ላይም በሙቀት የበሰለ ጋዝ ምልክት ታየ። ምልክቱ ግን ጥቂት ነበር፤ ነዳጅ ሊይዙ የሚችሉት ድንጋዮችም የያዙት ውሃ ነበር። የበሰለ ነገር በአካባቢው አለ ማለት፣ የሚወጣ ሀብት አለ ማለት አይደለም።

በእኔ እምነት ከእንዲህ ያሉ ጉድጓዶች የሚወጣ ናሙና ነዳጅ ባይገኝበትም ሀብት ነው፤ ለስምጥ ሸለቆው ቅርብ የሆኑት የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእጃቸው ይዘው ሊማሩበት ይገባል። ከድንጋዩ ጋር ውሃውም ይመዘን። አንድ የሼል ጉድጓድ ለመሰንጠቅ ከ10 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ሊፈልግ ይችላል። ዓሣ አስጋሪውና ሙዝ አምራቹ በሐይቅና በወንዝ በሚኖሩበት በጋሞ ምድር፣ ይህ ስሌት ከካርቦኑ ልኬት እኩል ቦታ ሊሰጠው ይገባል።