የኸሪፍ እራት በሀዋታ

ዓሲዳ ከማሽላ ዱቄት የሚገነፋ፣ ሙላሕ ደግሞ ከእርሱ ጋር የሚቀርብ ወፍራም ወጥ ሲሆን፣ ሁለቱ በአንድነት በምሥራቅ ሱዳን፣ በተለይም በገዳሪፍ ግዛት በራሃድ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሀዋታ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች፣ የአብዛኛው ቤተሰብ የዘወትር እራት ናቸው። ራሃድ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው የኢትዮጵያ ምድር የሚነሣና በዚያ በኩል ሽንፋ እየተባለ የሚጠራ፣ በክረምት ሞልቶ የሚወርድ፣ በበጋ ግን ወደ ተቆራረጡ ኩሬዎች የሚለወጥ ወንዝ ነው። ስለዚህ የሀዋታን እርሻ የሚያጠጣው ጎርፍ ከጎንደር በኩል ይመጣል፤ እርሻውን ከሚያርሙትና ከሚያጭዱት እጆችም ብዙዎቹ በመተማና በገላባት በኩል ተሻግረው የሚመጡ የጎንደርና የአካባቢው ሠራተኞች ናቸው። ይህ ማዕድ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ የሚመስለው እንግዲህ በስሙ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ማዕዱ ከመናገር በፊት ስለ ወቅቱ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኸሪፍ የሚለው የዐረብኛ ቃል በሌሎች የዐረብ አገሮች ቅጠል የሚረግፍበትንና መከር የሚሰበሰብበትን ወራት ሲያመለክት፣ በሱዳን ግን ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ገደማ የሚዘልቀውን የዝናብ ወቅት፣ ማለትም በእኛ አነጋገር ክረምትን የሚያመለክት ነው። ገበሬዎች ኸሪፍን እያንዳንዱ ዐሥራ ሦስት ቀን ገደማ በሚሆን፣ ዐይና በሚባልና በከዋክብት መንገድ በተሰየመ ክፍል ከፋፍለው ይቈጥሩታል፤ በየትኛው ዐይና እንደሚዘራና በየትኛው እንደሚታረም የሚነገረውም በእነዚሁ ስሞች ነው። ዝናቡ አቁሞ መሬቱ መጠንከር ሲጀምር፣ ሰሊጡ ሲታጨድና የማሽላው ራስ መቅላት ሲይዝ የሚመጣው ወቅት ደግሞ ደረት ይባላል። ከእኛ መጸው ጋር የሚገጥመው ደረት ነው እንጂ ኸሪፍ አይደለም። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ መጸው በኢትዮጵያ እሸት የሚበላበት፣ ጎተራ የሚሞላበት ጊዜ ሲሆን፣ ኸሪፍ በሀዋታ ካለፈው ዓመት የተረፈው እህል የሚመናመንበት፣ ጥቁሩ የዋልካ መሬት መንገዱን ዘግቶ መንደሮችን ከገበያ የሚለይበት ጊዜ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

እህሉ ማሽላ ነው፤ በአገሬው አጠራር ዱራ ይባላል፤ ከዓይነቶቹም በገዳሪፍ ሜዳ ለረጅም ጊዜ የታወቀው ፈተሪታ የተባለው ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ሰፊ የማሽላ አገር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦር ቀለብ ለማቅረብ ሲል ገደምበሊያ በተባለው ስፍራ በትራክተር የሚታረስ የዝናብ እርሻ አስጀመረ፤ ከጦርነቱ በኋላም እርሻው እየሰፋ ሄዶ አካባቢው የሱዳን የእህል ጎተራ ለመባል በቃ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ጉልህ ድርሻ አለው፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በሱዳን በተመራማሪነት ሲሠሩ ያዳበሩት ሃጂን ዱራ-1 የተባለ ድቅል ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ የተለቀቀ ሲሆን፣ እኚሁ ሳይንቲስት በማሽላ ላይ ባደረጉት ምርምር፣ በተለይም የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚያደርቀውን አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በነገራችን ላይ የሱዳን ገበሬ አቀንጭራን ቡዳ ብሎ ነው የሚጠራው፤ በዐይን የማይታይ በላተኛ ሰብሉን ከሥር እንደሚበላው ለሚያውቅ ሰው ስሙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስልም።

ጎተራ በሚባል አገር የሚኖር ቤተሰብ ግን የግድ ጎተራ አለው ማለት አይደለም። በቂ መሬት ያለው ገበሬ ማሽላውን መጥሙራ በተባለ፣ በዋልካው ውስጥ በተቆፈረና በገለባ በተለበጠ ጉድጓድ ቀብሮ ለክፉ ቀን ያቆየዋል፤ በቀን ሥራ የሚተዳደረው ግን በኸሪፍ እህል በሚወደድበት ሰዓት ከገበያ በሜልዋ፣ ማለትም በትንሹ የእህል መስፈሪያ፣ እየሰፈረ ይገዛል። የእራቱ ብልሃት ሁሉ የተመሠረተው በዚህ እውነታ ላይ ነው፤ ማሽላው ለሆድ ሲሆን፣ ከማሽላው ውጭ ያለው ነገር በሙሉ፣ ሥጋውም ሽንኩርቱም ዘይቱም፣ በተቻለ መጠን ጥቂት ሆኖ ብዙውን ማሽላ እንዲያስውጥ ይጠበቅበታል።

ዓሲዳው የሚጀምረው ከዐጂን፣ ማለትም ከተቦካ ሊጥ ነው። የማሽላው ዱቄት በውኃ ተለውሶ፣ ካለፈው ሊጥ በተረፈ እርሾ ተነክቶ ያድራል፤ መቡካቱ ለጣዕም ብቻ ሳይሆን፣ ማሽላ ሲበስል ፕሮቲኑ ለመፈጨት አስቸጋሪ እየሆነ ስለሚሄድ፣ ይህንን ችግር በከፊል ለማቃለልም ይረዳል። ማታ ውኃ በድስት ይፈላል፤ ሊጡ ይጨመርበታል፤ ከዚያም በእንጨት ማማሰያ ያለ ዕረፍት እየታሸ እስኪጠና ድረስ ይገነፋል። ሲበቃው በውኃ ወይም በዘይት በረጠበ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ይጨመርና ጥቂት ረግቶ በሰፊ ትሪ ላይ ሲገለበጥ ቅርጹ ጉብ ያለ ኮረብታ ይመስላል። ገንፎ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ወዲያው ይረዳዋል፤ የሚለየው አቀራረቡና ማዕረጉ ነው። የኢትዮጵያ ገንፎ መሐሉ ጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የሚቋጥር፣ ይበልጡንም ለአራስና ለጠያቂዎቿ የሚሠራ የክብር ምግብ ሲሆን፣ ዓሲዳ ግን መሐሉ ሳይነካ ወጡ በዙሪያው የሚፈስስበት፣ ከማንም ቤት በማንኛውም ማታ የማይታጣ የዘወትር ምግብ ነው።

የቁጠባው ዋና ምስጢር ያለው በሙላሑ ውስጥ፣ በሙላሑም ውስጥ ወይካ በተባለው ነገር ላይ ነው። ባሚያ የሚባለው ተክል ፍሬ በእርጥቡ ሲበላ ባሚያ ይባላል፤ ተቆራርጦ በፀሐይ ከደረቀና ከተወቀጠ በኋላ ግን ስሙ ተለውጦ ወይካ ይሆናል፤ በገዳሪፍ ሜዳ ለወይካ የሚለቀመው ብዙውን ጊዜ በኸሪፍ በየማሳው ዳር ሳይዘራ የሚበቅለው የዱር ባሚያ ነው። ይህ ዱቄት በፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚለቀው ሙጫ መሰል ንጥረ ነገር ቀጭኑን መረቅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወፍራምና የሚዘረጋ ያደርገዋል። ወይካ የሚጨመረው እፍኝ በማይሞላ መጠን እየተነሰነሰ ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ ሙፍራካ የተባለው ባለ መስቀል ጫፍ የእንጨት መምቻ በሁለት መዳፍ መካከል እየተሽከረከረ እንዳይጓጉል ይመታል፤ ሁለት እጅ ለሁለቱም ሥራ ስለማይበቃ ከሴት ልጆች አንዷ ዱቄቱን ስትነሰንስ እናት ሙፍራካውን ታሽከረክራለች። ወፍራም መሆኑ ለምን እንደሚያስፈልግ መግለጽ ተገቢ ነው። ቀጭን መረቅ ከዓሲዳው ላይ ይንሸራተትና ከትሪው ሥር ይቀራል፤ ወይካ የገባበት ሙላሕ ግን በእያንዳንዱ ጉርሻ ላይ ተጣብቆ ይወጣል፣ ጉርሻውንም ሳያደርቅ ወደ ጉሮሮ ያሳልፋል። በመሆኑም አንድ ድስት ወጥ ለሁለት ሰው ሳይሆን ለስምንት ሰው ይበቃል። ለማያውቀው ሰው የማይማርከው የወይካ ዝልግልግነት፣ በትክክል ሲታይ፣ የወጥ መቈጠቢያ መሣሪያ ነው።

ሥጋው ሸርሙጥ ይባላል፤ በቀጫጭኑ ተዘልዝሎ የደረቀ፣ ቋንጣን የመሰለ ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ ተናጋሪው ቤት ቋንጣ በቍራጭ ታይቶ የሚቆጠር ሲሆን፣ ሸርሙጥ በፉንዱክ፣ ማለትም በእንጨት ሙቀጫ፣ ዱቄት እስኪሆን ይወቀጣል። የተወቀጠ ሥጋ ለማን ስንት ቍራጭ ደረሰ የሚል ጥያቄ አያስነሣም። በዘይት የሚቁላላው ሽንኩርት እስኪጠቁር ድረስ ይጠበሳል፤ የሸርሙጡ ዱቄት፣ ጥቂት የቲማቲም ድልህ፣ ጨው፣ ድንብላልና ነጭ ሽንኩርት ይከተላሉ፤ ውኃው ፈልቶ ሲወፍር ወይካው ይነሰነሳል። ዘይቱ ገዳሪፍ የሚታወቅበት የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ፣ በአካባቢው ቋንቋ ኡምባዝ የተባለው፣ ለከብት ይሰጣል፤ በክፉ ዘመን ግን ሰውም በልቶት ያውቃል።

ሥጋ በሌለበት ማታ ሙላሕ ሮብ ይሠራል። ሮብ ቅቤው ተንጦ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው የረጋ ወተት፣ በአማርኛ አሬራ የሚባለው ነው። በኸሪፍ ሣር በዝቶ ላሞች ወተት ሲጨምሩ፣ ቅቤው ለገበያ ይወጣና ሮቡ ለቤት ይቀራል፤ ይህም ከሽንኩርትና ከወይካ ጋር ሲፈላ ነጭ፣ ጎምዛዛና አጥጋቢ ወጥ ይሆናል። ከሜዳ የሚለቀመውም ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ በመተማና በአካባቢው ኩድራ የተባለው ሙሉኪያ፣ ሪጅላ፣ ተማሌካ የተባለው የዱር ቅጠል፣ ሁሉም ከሐምሌ እስከ መስከረም በዝናብ የሚበቅሉና ዋጋቸው የለቀሚዋ ጊዜ ብቻ የሆነ ናቸው። ወደ ምሥራቅ እየተጓዙ በገዳሪፍ የሰፈሩት የምዕራብ ሱዳን ሰዎች ደግሞ ከዋልን ይዘው መጥተዋል፤ ከዋል የአንድ የዱር ተክል ቅጠል ተወቅጦ በእንስራ ተቀብሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ከቦካ በኋላ ተድቦልቡሎ በፀሐይ የሚደርቅ፣ ሽታው ብርቱ የሆነ፣ በወጥ ውስጥ ግን የሥጋን ጣዕም የሚተካ ነው። ሱዳናዊው ምሁር ሓሚድ ዲራር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ስለ ሱዳን የቦኩ ምግቦች በሚናገር መጽሐፋቸው እንዲህ ያሉትን ምግቦች በየዓይነቱ መዝግበው፣ ብዙዎቹን ከረሃብና ከእጥረት ዘመን ልምድ ጋር አያይዘዋቸዋል።

ማታ ዓሲዳ ካልቀረበ ክስራ ይቀርባል። ክስራ ከዚሁ ዐጂን ውኃ ተጨምሮበት በዶካ፣ ማለትም በብረት ምጣድ ላይ የሚጋገር፣ እንደ ወረቀት የቀጠነ ቂጣ ነው፤ ሊጡ እንደ እንጀራ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ የሚፈስስ ሳይሆን፣ ገርገሪባ በተባለ የዘንባባ ቅጠል ቍራጭ እየተገፋ በምጣዱ ላይ ይለጠጣል፣ ዐይንም የለውም። አንዱ ቅጠል የሚበስለው በጣም ባጠረ ጊዜ ቢሆንም ለቤተሰብ የሚበቃው ብዙ ቅጠል በመሆኑ ጋጋሪዋን ረጅም ሰዓት እሳት ዳር ያስቀምጣታል። ዓሲዳ አንድ ድስትና አንድ እሳት ብቻ ስለሚፈልግ፣ እንጨት በራሰበት በኸሪፍ የሚመረጠው እርሱ መሆኑ አያስደንቅም። እሳቱ የሚነደው ላዳያ በሚባሉት ሦስት ድንጋዮች፣ በአማርኛ ጉልቻ በሚባሉት፣ መካከል ሲሆን፣ ዝናብ ሲከብድ ማገዶው የማሽላ አገዳ ወይም በካኑን፣ ማለትም በብረት ምድጃ፣ የሚነድ ከሰል ይሆናል።

አበላሉም የቁጠባው ክፍል ነው። ወንዶች እራታቸውን ደራ በሚባል ልማድ ከደጅ፣ ከመንገድ ዳር ወይም ከአንዱ ጎረቤት ግቢ ተሰብስበው ይበላሉ፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ትሪ ይወጣል፣ ትሪዎቹም በአንድ ላይ ይደረደራሉ። ሸርሙጥ የገባበት ሙላሕ ካለው ቤት የመጣው ትሪ ከሜዳ በለቀመች ሴት ከተሠራው የሪጅላ ሙላሕ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሁሉም ከሁሉም ይጎርሳል፤ መንገደኛም ካለፈ ሳይጠራ አያልፍም። ይህ ልማድ የድሀውን ቤት ከማጋለጥ ይልቅ ይሸፍነዋል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞችም ለአረም በሚመጡበት በነሐሴ ወር ከብዙዎቹ መንደሮች ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቁት በዚህ ዓይነቱ ትሪ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች በገዳሪፍ ወዳለው የኡም ራኩባ መጠለያ ሲገቡ፣ ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የተፈናቀሉ ሱዳናውያን ወደ ገዳሪፍ ሲጎርፉ፣ ብዙ ሰው በአንድ ድስት የማብላት ይህ ልምድ በጎ ፈቃደኞች ተኪያ በሚሏቸው የጋራ ማእድ ቤቶች መልክ ሰፍቶ ታይቷል።

የተረፈው አይጣልም። ያደረ ዓሲዳ ጠዋት ከወተት ጋር ለልጆች ይሰጣል፤ ያደረ ክስራ በፀሐይ ደርቆ እንደ ድርቆሽ ይቀመጥና ወጥ ሲገኝ ተፈትፍቶ ይበላል። ደረት ሲገባ፣ ሰሊጡ በየማሳው ቆሞ ሲደርቅና የራሃድ ውኃ ከዳር ዳር መሸሽ ሲጀምር፣ ሴቶች ወንዙ በለቀቀው ለም ጭቃ፣ ጀሩፍ በተባለው ላይ፣ አትክልት ይተክላሉ፤ የዓመቱ የመጨረሻ ባሚያም ተቆራርጦ በምንጣፍ ላይና በጎጆዎቹ የሣር ክዳን ላይ ይሰጣል፤ የሚመጣው ኸሪፍ ወይካ ነው።