ሞፈርና ምጣድ፦ በሰሜን ወሎ የሥራ ክፍፍልና የባልና ሚስት ግንኙነት

ከውርጌሳ በመርሳ በኩል እስከ ወልድያ በሚዘልቀው የሐብሩ ወረዳና አካባቢው፣ የወንድና የሴት ሥራ የሚለየው ከሥራው ክብደት ይልቅ በሚያዘው መሣሪያ ነው። ሴቷ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፤ በሬ ጠምዶ እርፍ መጨበጥ ግን ለወንድ የተተወ ነው። ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ኤስተር ቦዝሩፕ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በዶማና በመቆፈሪያ በሚታረስበት አገር ሴቶች የእርሻው ዋና ባለሙያ ሲሆኑ፣ በሬ በሚጠመድበት አገር ግን ወደ ረዳትነት እንደሚገፉ አስረድታለች። በሰሜን ኢትዮጵያ የዚህ ውጤት ጎልቶ የሚታየው ባሏ በሞተባት ወይም በፈታች ሴት ላይ ነው፤ መሬት ቢኖራትም በሬና አራሽ ከሌላት ማሳዋን ለእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከአራሹ ጋር ለመካፈል ስለምትሰጥ፣ ክልከላው ከልማድነት አልፎ ከእህሏ ላይ የሚከፈል ዋጋ ይሆናል።

ከፍ ባለው የሥልጣን እርከን ልማዱ እንዲህ የጠበቀ አልነበረም። የየጁው ራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ሊበን አመዴ ጦር አስከትተው ከደጃዝማች ካሣ፣ ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር ተዋግተው በ1839 ዓ.ም. ተማርከዋል፤ የወሎዋ ገዥ ወርቂትም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ያመለጡትን ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳልፈዋል። ይሁንና ይህ ሥልጣን በዘርና በልጅ በኩል የተገኘ በመሆኑ የተራውን ገበሬ ጓዳ ሳይነካ አልፏል።

ጓዳውን በቀጥታ የነካው ሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ሲደነግግ፣ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ትዳርን ሁለቱም በእኩልነት የሚያስተዳድሩት ተቋም አድርጎታል። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ላይ ስለያዘ፣ ፍቺ ሲመጣ ሚስት ባዶ እጇን እንዳትወጣ የሚያግዝ ማስረጃ ሆኗል።

ከሕጉ ጎን ለጎን የገንዘብ ምንጭም ተለውጧል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ የምግብ እጥረት ያለበትን ቤተሰብ በሕዝባዊ ሥራ እያሳተፈ የሚደግፈው መርሐ ግብር፣ ሴቶችን ድንጋይ ከሚሸከሙበትና እርከን ከሚሠሩበት ሥራ ላይ አሰልፏል፤ ነፍሰ ጡሮችንም ከሥራው ነፃ አድርጎ በቀጥታ ይደግፋል። በሌላ በኩል ወደ አረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች የሚልኩት ገንዘብ ቤት የሚሠራበት፣ ወንድም የሚማርበት ስለሆነ፣ ትናንት በአባቷ ቃል የምታድር ልጅ ዛሬ የቤተሰቡ ጉዳይ ሲመከር ሐሳቧ የሚጠየቅ ሆናለች። ጥቅሙ ግን አስተማማኝ አይደለም፤ የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስተሳስረው የካፋላ ሥርዓት ለበደል ያጋልጣታል፣ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራትም ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። ከዚህም በላይ የተሰደደችው እናት ትታው የሄደችው የቤት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በአያት፣ በእህት ወይም በትልቋ ሴት ልጅ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ለውጡ ሚዛኑን አልጠበቀም። እርፍ የጨበጠች፣ ባጃጅ የምትነዳ ወይም ድንጋይ የምትጠርብ ሴት መጀመሪያ ብትታማም ውሎ አድሮ «ወንድ ናት» ተብላ ትመሰገናለች፤ እንጀራ የሚጋግርና ውኃ የሚቀዳ ባል ግን «ሴታ ሴት» ተብሎ ይናቃል። ስለዚህ ሴቷ አዲሱን ሥራ የምትጨምረው በነባሩ ላይ ነው፤ ቀኑን እርከን ስትሠራ ውላ ማታ ምጣድ ትጥዳለች። ወፍጮ ቤትና የቧንቧ ውኃ በደረሰበት ሁሉ ሸክሟ ቢቀልም፣ ያቀለለው መሣሪያው እንጂ የባልየው እጅ አይደለም።

ሁለቱ ወገኖች አብረው የተለወጡበት የታወቀ ምሳሌ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ የሚገኘው፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ነው። በዚያ ሴቶች ያርሳሉ፣ የወንድ ሙያ የነበረውን ሽመናም ይሠራሉ፤ ወንዶችም ይፈትላሉ፣ ያበስላሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። አውራ አምባን የሚለየው ሴትን ወደ እርሻ ማውጣቱ ብቻ ሳይሆን ወንድን ወደ ጓዳ ማስገባቱ ነው፤ በሰሜን ወሎም የሕጉና የገንዘቡ ለውጥ ሙሉ የሚሆነው ይህ ሁለተኛው እርምጃ ሲከተለው ነው።