አንድ ድመትና ግማሽ ዓለም

ሰሞኑን ያየኋቸው ፊልሞች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ሱፐርሂሮ፣ አኒሜሽንና ድራማ። ጎን ለጎን አድርጌ ሳስባቸው አንድ ጥያቄ መላልሶ ይመጣብኛል። "አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር" ላይ ክፉው ታኖስ ጣቱን ቀጭ ሲያደርግ በመላው ጠፈር ካለው ሕይወት ግማሹ አመድ ሆኖ ይበተናል። "ፑስ ኢን ቡትስ፦ ዘ ላስት ዊሽ" ላይ ግን አደጋ ውስጥ የገባው ቦት ጫማ ያደረገ የአንድ ድመት ነፍስ ነው። ሆኖም ሁለቱን ዛሬ ደግሞ የሚያይ ሰው ይበልጥ የሚጨነቀው ለድመቱ ነው። ለምን? መልሴ ይህ ነው፦ ለፊልም ክብደት የሚሰጠው የአደጋው ስፋት ሳይሆን የጠፋው ነገር ጠፍቶ መቅረቱ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለው አባባል ለድርሰትም ይሠራል። ውሃው ተመልሶ እንደሚታፈስ አስቀድመን ካወቅን ሲፈስ ብናይ አንደነግጥም። ይህን ለማስረዳት የፊልሞቹን መጨረሻ መናገሬ ስለማይቀር፣ ሳይነገራችሁ ማየት የምትፈልጉ አይታችሁ ተመለሱ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከማርቬል ልጀምር። የ2018ቱ "ኢንፊኒቲ ዋር" ጀግኖቹ ተሸንፈው የሚያልቅ ፊልም ነው፤ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ይህ ድፍረት ነበር፤ ድፍረቱንም አከብራለሁ። ነገር ግን ፒተር ፓርከር (ስፓይደርማን) በቶኒ ስታርክ (አይረን ማን) እቅፍ ውስጥ አመድ ሲሆን፣ ቀጣዩ የስፓይደርማን ፊልም በ2019 ክረምት እንደሚወጣ ቀድሞ ተነግሮ ነበር። ዜናውን የሚከታተል ተመልካች እያለቀሰም ቢሆን ልጁ እንደሚመለስ ያውቃል። በ2019 "ኤንድጌም" መጣና የተበተኑትን ሁሉ መለሰ። ከዚያ ፊልም ሰው እስከ ዛሬ አንስቶ የሚያወራው ምኑን ነው? አብዛኛው ሰው የቶኒን ሞት ነው የሚጠቅሰው፤ ምክንያቱም የተመለሱት በሚሊዮንና በቢሊዮን ሲቆጠሩ እሱ አልተመለሰም። በዚያው ፊልም የሞተችው ጀግና ናታሻም አልተመለሰችም። ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያስገባው ያ ፊልም ያለው ክብደት ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሞቶች ላይ የቆመ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ስንብት የሚባል ነገር እየረከሰ ሄደ። ሎኪ በታኖስ እጅ አንገቱን ታንቆ ሞተ፤ ቆይቶ ከሌላ ጊዜ የመጣ ሎኪ የራሱ ተከታታይ ድራማ ተሰጠው። የ2017ቱ "ሎጋን" ዎልቨሪንን በክብር ገደለው፤ ልጅቷ ላውራ የመቃብሩን መስቀል አጋድማ ኤክስ ስታደርገው ፊልሙ አለቀ፤ በሱፐርሂሮ ፊልም ታሪክ ከታዩት ስንብቶች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ያ ነው። በ2024 "ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን" ሲጀምር ዴድፑል ያንኑ መቃብር ሲቆፍር እናያለን። ፊልሙ ያስቃል፣ ሁለቱ ተዋናዮችም ይዋደዳሉ፣ ገቢውም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ነገር ግን የመክፈቻው ትዕይንት ለተመልካቹ የሚነግረው፣ ያለቀሰለት መቃብር መቼም ሊከፈት እንደሚችል ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ቶኒ ስታርክን የተጫወተው ሮበርት ዳውኒ ጁንየር ዶክተር ዱም ሆኖ ወደ ማርቬል እንደሚመለስ ተነገረ። ገጸ ባሕሪው ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፊቱ ግን የቀበርነው ሰው ፊት ነው።

አሁን ወደ ድመቱ እንምጣ፤ ምክንያቱም ይህ የ2022 ፊልም የምለውን ነገር ከማንኛውም ድርሰት በተሻለ የሚያስረዳ ይመስለኛል። ፑስ ዘጠኝ ነፍስ አለው፤ ስምንቱን በጉራ ጨርሷል። አንዱ ብቻ እንደቀረው ሐኪሙ ሲነግረው ይስቃል። ከዚያ መጠጥ ቤት ውስጥ ማጭድ የያዘ ተኩላ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ግንባሩንም ያደማዋል። ነክቶት የማያውቅ ስለት ነካውና ጀግናው የገላው ፀጉር ቆሞ ሸሸ። የሸሸበትም ፍርሃት በቀልድ አይታለፍም። ጫካው ውስጥ ትንፋሽ ሲያጥረውና ልቡ ከቁጥጥሩ ውጪ ሲመታ ካሜራው አብሮት ይቆያል፤ ትንሹ ውሻ ፔሪቶ ደግሞ ምንም ምክር ሳይሰጥ ራሱን ሆዱ ላይ አስደግፎ እስኪረጋጋ ይጠብቃል። ጭንቀት ሲይዝ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው ይህ ትዕይንት ሐሰት የለበትም። ተኩላው ሞት ራሱ እንደሆነ በኋላ እናውቃለን። ፑስን የሚያሳድደውም ስምንት ነፍስ አግኝቶ አንዱንም ስላላከበረ ነው።

የፊልሙ ብልህነት ግን ታሪኩ የሚዞርበት ነገር ላይ ነው። ሁሉም የሚሻሙት አንድ ምኞት የምትፈጽም ኮከብ ነች፤ ፑስ የሚፈልጋትም የጠፉትን ነፍሶቹን ለማስመለስ ነው። በሌላ አነጋገር ፊልሙ ፈተና አድርጎ የሚያቀርብለት እነዚያ ትልልቅ የሱፐርሂሮ ፊልሞች በነጻ የሚያድሉትን ነገር ነው፤ ሁሉን ወደ ነበረበት የሚመልስ ቁልፍ። መጨረሻ ላይ ፑስ ምኞቱን ይተወዋል። አንዷን ነፍስ ይዞ ሞትን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ ሞትም ያ ጉረኛ ድመት እንደሌለ ሲያይ ሌላ ቀን እንደሚገናኙ ተናግሮ ይሄዳል። ነፍሶቹ አልተመለሱም፣ ተኩላውም አልተሸነፈም። ከሚወዳት ከኪቲና ከፔሪቶ ጋር መርከብ ላይ ሆኖ ሲስቅ ደስ የሚለን፣ ያቺ ነፍስ አንድ ብቻ መሆኗን ስለምናውቅ ነው።

እዚህ ላይ የሱፐርሂሮ ወዳጆች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ይህ የፊልሞቹ ጥፋት አይደለም፣ የኮሚክ መጽሐፍ ባህል ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ሱፐርማን በ1992 ሞቶ በ1993 ተመልሷል። በየወሩ መውጣት ያለበት ታሪክ ዋና ባለታሪኩን ቀብሮ መቀጠል አይችልም። ነገር ግን በዚያው ባህል ውስጥ አንባቢው ከሃምሳ ዓመት በኋላም የሚያነሳው የትኛውን ሞት ነው? በ1973 ከድልድይ ላይ ወድቃ የሞተችውን የስፓይደርማን ፍቅረኛ የግዌን ስቴሲን። ስፓይደርማን በድሩ ያዛት፤ ግን አላዳናትም። ባህሉ ራሱ የሚመሰክረው የእኔን ሐሳብ ነው።

ጥፋቱን መልቲቨርስ ላይ፣ ማለትም ብዙ ትይዩ ዓለማት አሉ በሚለው ሐሳብ ላይ የሚጭኑም አሉ፤ ከእነሱም ጋር አልስማማም። የ2018ቱ "ስፓይደርማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደርቨርስ" ከዳር እስከ ዳር የመልቲቨርስ ፊልም ነው። የዋናው ባለታሪክ የማይልስ ዓለም ፒተር ፓርከር ይሞታል፤ ከሌላ ዓለም ሌላ ፒተር ይመጣል። ነገር ግን የመጣው ሰው ሆዱ የተገፋ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ የደከመው ሰው ነው፤ ለሟቹ ምትክ አይሆንም፣ ሊሆንም አይሞክርም። የማይልስ አጎት አሮን ሲሞት ደግሞ ሌላ አሮን አምጥቶ የሚያስረክበው የለም። ከሁሉም በላይ የክፉውን የኪንግፒንን ዓላማ ተመልከቱ። ሚስቱና ልጁ ሞተውበታል፤ ያንን ግዙፍ ማሽን የሠራው ከሌላ ዓለም የእነሱን አምሳያ ለማምጣት ነው። የሞተን ሰው በቅጂ መተካት በዚህ ፊልም ውስጥ ከተማን የሚያፈርስ ወንጀል ነው። ብዙ ዓለማት መኖራቸው አንዱን ሰው ርካሽ አላደረገውም፤ እንዲያውም ሌላ እሱን የሚመስል እያለ እንኳ እሱ እንደማይገኝ አሳየን።

ማርቬልም ሲፈልግ ይችላል። በ2023ቱ ሦስተኛው "ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ" ዳይሬክተሩ ጄምስ ገን ከቀደሙት ፊልሞች የወረሰው አስቸጋሪ ነገር ነበር፦ ጋሞራ ሞታ፣ ከቀድሞ ጊዜ የመጣች ሌላ ጋሞራ በሕይወት አለች። በቀላሉ ከሟቿ ፍቅረኛ ከኩዊል ጋር ሊያገናኛት ይችል ነበር። አላደረገውም። ይህችኛዋ ጋሞራ ወድዳው አታውቅም፣ የምታስታውሰው ነገርም የለም፤ ኩዊል የሚያየው የሚወደውን ፊት የለበሰች እንግዳ ነው። መመለሷ ራሱ ሐዘን ሆነ፤ ሲለያዩም ቂም አልነበራቸውም። ከ"ኤንድጌም" በኋላ ከወጡት የማርቬል ፊልሞች ደግሜ ላየው የምፈልገው ይህን ነው።

ነገሩ በሞት ብቻ የሚለካ እንዳይመስል ደግሞ ማንም ሰው የማይሞትበትን ድራማ ላንሳ። የሴሊን ሶንግ "ፓስት ላይቭስ" በ2023 የወጣ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። በሴኡል አብረው የሚማሩ ሁለት የ12 ዓመት ልጆች ይዋደዳሉ፤ የልጅቷ ቤተሰብ ወደ ካናዳ ይሄዳል። ከ12 ዓመት በኋላ በስካይፕ ይገናኛሉ፤ እንደገና ይለያያሉ። ሌላ 12 ዓመት ያልፍና ልጁ ሄ ሱንግ ኒውዮርክ ይመጣል፤ ልጅቷ ኖራ ግን አርተር የሚባል ሰው አግብታለች። በፊልሙ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። አርተር ቅናቱን የሚደብቅ ሳይሆን የሚናገር ደግ ባል ነው፤ ሄ ሱንግም ትዳር ሊያፈርስ አልመጣም። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ሁለቱ መንገድ ዳር ቆመው መኪና ይጠብቃሉ፤ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። መኪናው መጣ፣ እሱ ሄደ፣ እሷ ወደ ቤቷ ተመልሳ ባሏ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለሰውየው ብቻ አይደለም፤ ሴኡል ትታት ለሄደችው፣ ዳግመኛም ልትሆናት ለማትችለው ልጅ ጭምር ነው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ጅዳ ሆኖ ከአገር ቤት ጋር በስልክ መስኮት የሚገናኝ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። እዚህ እንደ "ኤንድጌም" ተአምረኛ ድንጋዮችን ሰብስቦ የጠፋውን የሚመልስ ጀግና የለም፤ ለዚህም ነው መኪናው እስኪመጣ ያለው ጥበቃ ከብዙ የጦርነት ትዕይንት በላይ ልብ የሚያንጠለጥለው።

"ማንቸስተር ባይ ዘ ሲ"ንም በዚሁ መስመር አየዋለሁ። ዋናው ባለታሪክ ሊ የምድጃውን መከለያ ማድረግ ረስቶ ሦስት ልጆቹን በእሳት አጥቷል። ዳይሬክተሩ ኬኔት ሎነርጋን ይህንን ሰው በመጨረሻ አያድነውም፤ ከወንድሙ ልጅ ጋር በዚያ ከተማ መኖር እንደማይችል እንዲናገር ብቻ ይፈቅድለታል።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ሰብዓዊ ስለሆነ በአክብሮት መመለስ አለበት። ኑሮ ራሱ ከባድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጨነቅ የዋለ ሰው ማታ የማይመለስ ሐዘን ለምን ይይ? ማረፍ መብቱ አይደለም ወይ? መብቱ ነው። ነገር ግን የምናገረው ስለ ሐዘን ብዛት አይደለም። "ዘ ላስት ዊሽ" ከጥግ እስከ ጥግ የሚያስቅ፣ ቀለሙ የሚያምር፣ በደስታ የሚያልቅ ፊልም ነው። እፎይታ የሚሰማን ከልብ ከፈራን በኋላ ነው፤ ያልፈራነው ነገር ሲድን የምንሰጠው ምላሽ ጭብጨባ እንጂ እፎይታ አይደለም። ደክሞት የመጣ ሰው ከዚያ ድመት ጋር ያሳለፈው ሰዓት ያሳርፈዋል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ተቃውሞ የወላጆች ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይከብድም? የ2024ቱ "ዘ ዋይልድ ሮቦት" ገና ከጅምሩ አካባቢ ሮዝ የተባለችው ሮቦት ሳታውቅ ጎጆ ላይ ወድቃ የዝይ ቤተሰብ ስትገድል ያሳያል። ከተረፈችው አንዲት እንቁላል የተፈለፈለውን ጫጩት አሳድጋ የብርዱ ወቅት ሳይገባ መብረር ታስተምረዋለች። ጫጩቱ በኋላ እውነቱን ያውቃል፤ ይቆጣልም። ፊልሙ ይህን ለልጆች የሚነግረው ሊያስፈራራቸው ሳይሆን ስለሚያከብራቸው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በልጅነት በሰማነው ተረት ጅቡ አህያዋን ይበላታል፤ የተበላች አህያ ተመልሳ አትነሳም። ልጁ ትምህርቱን የሚይዘውም በዚሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የ2024ቱ "ፍሎው" በላትቪያዊው ጊንትስ ዚልባሎዲስ ብሌንደር በተባለ ነጻ ሶፍትዌር የተሠራ ነው፤ በ2025 ለአገሩ የመጀመሪያውን ኦስካር አመጣ። አንድም የሰው ቃል የለበትም፤ ስለዚህ ተራኪም የግርጌ ጽሑፍም አያስፈልገውም። እንግሊዝኛ የማይሰሙ አያትና የልጅ ልጃቸው እኩል ሊያዩት ይችላሉ። ጎርፍ ዓለምን ሲውጥ አንድ ድመት ከሌሎች እንስሳት ጋር ጀልባ ላይ ይሳፈራል። ከእነሱ አንዱ እግረ ረጅም አዳኝ ወፍ ነው፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ላይም የሚታይ ወፍ ነው። ለድመቱ ስለተሟገተ የገዛ መንጋው ክንፉን ይጎዳዋል። በኋላም ወደ ብርሃን ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ አይመለስም። ለምን እንደሄደ የሚያብራራ የለም፤ ቦታው ግን እስከ መጨረሻው ባዶ ሆኖ ይሰማችኋል።

ስለዚህ ሰሞኑን ጊዜ ካላችሁ "ዘ ላስት ዊሽ"ን ካርቱን ነው ብላችሁ ሳትንቁ እዩት፤ ልጆች ካሏችሁ "ፍሎው"ን አብራችሁ እዩ። "ፓስት ላይቭስ"ን ግን ስልካችሁን ዘግታችሁ፣ ሳትቆራርጡ ተመልከቱት። "ኤንድጌም" ከማናቸውም ይበልጣል የምትሉ ደግሞ ከቶኒና ከናታሻ ሞት ሌላ ዛሬም የሚያስለቅሳችሁን አንድ ትዕይንት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በደስታ አነባለሁ።