ገንዘብን በባንክ ስለ ማስቀመጥና ስለ አገልግሎቱ ዋጋ

ገንዘብን በማሰሮ ቀብሮ ወይም በሣጥን ቈልፎ ማኖር የቀድሞ ሰዎች ልማድ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ግን ይህ ልማድ ጥቂት በጥቂት እየቀረ ሄደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅም ኢትዮጵያውያን ባለ ሀብቶች ባንክ እንዲያቋቁሙ ስለ ፈቀደ፣ የባንኮች ቍጥር በዛ። እንግዲህ ዛሬ የሚጠየቀው ገንዘብን ለባንክ ስለ መስጠት ሳይሆን፣ ለየትኛው ባንክ፣ በምን ዐይነት ሒሳብ መስጠት እንደሚሻል ነው።

ብዙ ሰው ባንክን የሚመርጠው ሕንፃው ስላማረው፣ ወይም ዘመዱ በዚያ ስለሚሠራ ነው። ስለ ወለዱ የሚጠይቅ ጥቂት አይጠፋም፤ ስለ አገልግሎቱ ዋጋ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይኸውም ዋጋው በአንድ ጊዜ ሲከፈል ትንሽ ስለ ሆነ ነው። ኤቲኤም ከሚባለው የመክፈያ መኪና፣ ይልቁንም ከሌላ ባንክ መኪና ገንዘብ ሲወጣ፣ በእጅ ስልክ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ፣ የጠፋ ካርድ ሲተካ፣ የሒሳብ መግለጫ ሲጠየቅ፣ የቼክ ደብተር ሲወሰድ፣ ባንኩ እንደ ደንቡ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። የሚቀነሰውም ባለቤቱ ሳይቈጥረው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ጸሓፊ በቍጠባ ሒሳቡ ዓመቱን ሙሉ 5,000 ብር አኖረ እንበል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቍጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ ስላደረገ፣ በዚህ ልክ ቢታሰብለት ግብሩ ሳይቀነስ በዓመት 350 ብር ያገኛል። ይህ ሰው ግን በየወሩ 8 ጊዜ ከሌላ ባንክ መኪና እያወጣ በየጊዜው 5 ብር፣ ለልጆቹና ለወላጆቹም 4 ጊዜ እየላከ በየጊዜው 10 ብር ቢከፍል፣ በወር 80 ብር፣ በዓመት 960 ብር ይወጣበታል። ወለድ አገኘሁ ሲል 610 ብር ጐደለበት ማለት ነው። ዋጋ ከማይጠይቀው ከራሱ ባንክ መኪና ቢያወጣና የሚልከውን በወር አንድ ጊዜ አጠራቅሞ ቢልክ ግን፣ የዓመቱ ወጪ 120 ብር ብቻ ይሆንና 230 ብር ይተርፈዋል። ደመወዙ አልጨመረም፤ ልዩነቱን ያመጣው ጥንቃቄው ነው።

ነቢዩ ሐጌ ደመወዙን በቀዳዳ ከረጢት የሚያኖረውን ሰው የገሠጸው ለዚህ ዐይነቱ ጕዳት ጭምር ይመስላል። እህል ጭኖ ከገበያ የሚመለስ ሰው ስልቻው መቀደዱን የሚያውቀው ከቤቱ ሲደርስ ነው፤ በመንገድ የፈሰሰውን ግን ወፍ ለቅሞታል።

ስለዚህ ሒሳብ የሚከፍት ሰው አስቀድሞ የራሱን ኑሮ ይመርምር። በወር ስንት ጊዜ ገንዘብ ያወጣል? ስንት ጊዜ ይልካል? ለማን፣ በየትኛው ባንክ ይልካል? ቼክ የማይጽፍ ሰው ወለድ የማይታሰብበትን ተንቀሳቃሽ ሒሳብ መክፈት አያስፈልገውም። ከዚህ በኋላ የሁለት ወይም የሦስት ባንኮችን የአገልግሎት ዋጋ ዝርዝር ጠይቆ ከኑሮው ጋር ያስተያይ። ዋጋው አንሶ ቅርንጫፉ እጅግ የራቀ ከሆነም የመኪና ኪራዩን ጨምሮ ያስብ። ዋጋ መጠየቅ የንፉግነት ምልክት አይደለም፤ በገበያ የጨው ዋጋ የሚጠይቅ ሰው በባንክ መስኮት የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ደግሞ የበለጠ ኀላፊነት አለባቸው። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ከባንክ ጋር ዋጋ ሊከራከር አይችልም፤ የብዙ ሰው ደመወዝ በአንድ ባንክ የሚያስከፍል መሥሪያ ቤት ግን ለባንኩ ብዙ ጥቅም ይዞለት ስለሚመጣ፣ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ስለ ሠራተኞቹ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል። አለቆችና የሰበካ ጉባኤ ሰዎችም እንዲሁ የካህናቱ ደመወዝ በሚከፈልበት ጊዜ በየስሙ የሚቀነሰውን ዋጋ ሊመረምሩ ይገባል። በሙዳየ ምጽዋት የገባው ገንዘብ ባልቴቷ ከጕሮሮዋ ነጥቃ የሰጠችው ነውና።

ባንክ ለሠራው ሥራ ዋጋ መቀበሉ ተገቢ ነው። ዋጋውን ለይቶና አስታውቆ መቀበል የባንኩ ግዴታ ሲሆን፣ ጠይቆና አውቆ መክፈል ደግሞ የባለ ገንዘቡ ፈንታ ነው።