የሞተር ጥቅለላ ሽቦ፦ ተረቱና እውነታው

የወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ ሞተር ተጠቅልሎ ብዙም ሳይሠራ ዳግም ሲቃጠል ባለቤቱ የሚወቅሰው ጠቅላዩን ነው። ሽቦውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ ሲገዛም በዓይን ታይቶ ነው የሚፈረድለት።

«ቀይ ከሆነ መዳብ ነው» ይባላል። አይደለም። አሉሚኒየም ላይ ስስ መዳብ ተለብጦ የሚሠራ ሽቦ ስላለ መልክ ምስክር አይሆንም። እውነቱን የሚናገሩት ሚዛንና ኦም ናቸው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ 100 ሜትሩ 700 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ደግሞ ወደ 2.2 ኦም ይሰጣል። አሉሚኒየም ቢሆን ክብደቱ 210 ግራም ገደማ፣ ኦሙ 3.6 ገደማ ነው። የተለበጠው በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ስትለኩ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አስቀድማችሁ አገናኙና የሚያሳየውን ቀንሱ፤ ኦሙ ትንሽ ስለሆነ ልዩነት ያመጣል። ውፍረቱም የሚለካው ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው የላይኛው ሽፋን ከተነሣ በኋላ ነው፤ አለዚያ ወፍራም ሽፋን ቀጭን መዳብን ይደብቃል።

ከሁሉ የሚጎዳው እምነት «ቴስተር ካልጮኸ ሽፋኑ ደህና ነው» የሚለው ነው። ቴስተር የሚልከው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፤ የ220 ቮልት መስመር ግን በእያንዳንዱ ዑደት 311 ቮልት ድረስ ይወጣል። ዓይን የማያየውን ቀዳዳ ለማጋለጥ የታወቀ ዘዴ አለ። የሽቦ ቁራጭ ሁለቱም ጫፎቹ ከላይ ቀርተው፣ ፌኖልፍታሊን የተባለ ኬሚካል ጠብ በተደረገበት ስስ የጨው ውሃ ውስጥ ይነከራል። የ12 ቮልት ባትሪ ኔጋቲቭ ከሽቦው፣ ፖዘቲቩ ውሃው ውስጥ ካለ ሌላ ብረት ጋር ለ1 ደቂቃ ይገናኛል። ሽፋኑ የተበሳበት ቦታ ሁሉ ሮዝ ቀለም ያወጣል።

«ኋላ ቫርኒሽ ስለሚጠጣ ይደፈናል» የሚሉም አሉ። ቫርኒሹ ጥቅሉን ያጣብቃል፣ እርጥበት ይከላከላል እንጂ የተሰነጠቀ ሽፋንን አይተካም።

በብየዳ ሙቀት የሚለቅ ሽፋንም ሁሌ ፎርጅድ አይደለም፤ ፖሊዩረቴን ሆን ተብሎ እንዲህ ይሠራል። ለሞተር ሲሆን ግን የጥቅሉን ጽሑፍ አንብባችሁ 130፣ 155 ወይም 180 የሚለውን የሙቀት ደረጃ ከሞተሩ ጋር አስተያዩ።

ስለዚህ ጠቅላዮች ሆይ፣ ሙሉ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ጠይቁ። የሽቦውን ያህል ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ አጥብቃችሁ ጠምዝዙትና ጨው ውሃው ውስጥ ንከሩት። ሮዝ ካወጣ አትግዙት።