ምች፣ ወባ ወይስ ሉፐስ? ከሐርቡ እስከ ደሴ የሚጓዝ ሕመም

ሉፐስ፣ ሰውነትን ከተዋሲያን ሊጠብቅ የተሰማራው የመከላከያ ሥርዓት የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት፣ አንዴ እየተባባሰ አንዴ እየበረደ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሕመም ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ሲሆኑ፣ በአብዛኛው የሚጀምራቸውም በ15 እና በ45 ዓመት መካከል፣ በሚማሩበት፣ በሚወልዱበትና ቤት በሚያቀኑበት ዕድሜ ነው። ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የፀጉር መሳሳት፣ የአፍ ውስጥ ቁስልና ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ድካም ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ሌላ ስም ስላለው ሕመሙ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው የቃሉ ወረዳዋ ሐርቡ ቆላና ወባማ ናትና፣ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ደሙ ለወባ መመርመሩ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ውጤቱ ነጻ ሲሆን ታማሚዋ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጥቷት ስትሄድ፣ ከወር በኋላም በዚያው ትኩሳት ተመልሳ ስትመጣ ያለፈውን ከአሁኑ ጋር የሚያያይዝ መዝገብ ሲታጣ ነው። ዊዳል የተባለው የታይፎይድ ምርመራ በሽታው በሌለበትም «አለ» ማለቱ የታወቀ በመሆኑ ሌላውን ሕመም በቀላሉ ይሸፍናል።

በመንደር ደግሞ ፀሐይ ላይ ውላ የገባች ሴት ፊቷ ቢቆጣና ራሷን ቢያማት ምች መታት ይባልና ዳማከሴ ይታሽላታል። ይህ ልማድ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም፤ የፀሐይንና የሕመምን ዝምድና በትክክል ያስተዋለ ነውና። በሉፐስ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የቆዳ ሕዋሳትን ሲጎዳ የውስጥ ይዘታቸው ይወጣል፤ መንገዱን የሳተው የመከላከያ ሥርዓትም ያንኑ ጠላት አድርጎ ይይዝና ከቆዳ አልፎ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን ሊያስቆጣ ይችላል። ምች በቀናት ውስጥ ሲለቅ ይህኛው ይመላለሳል። በሁለቱ ጉንጮችና በአፍንጫ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚዘረጋው ሽፍታ በጠይም ቆዳ ላይ ወደ ጥቁረት ስለሚያደላ ከማድያት ጋር ይምታታል፤ ለማድያት ተብሎ ከሱቅ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ቅባትም ሽፍታውን ለጊዜው አደብዝዞ ምርመራውን ያዘገያል።

ትዳር ድረስ የሚገባው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ለቂጥኝ የሚደረጉት ቪዲአርኤልና አርፒአር የተባሉት ምርመራዎች የሚለኩት የጀርሙን ሳይሆን የአንድ ቅባት ነክ ንጥረ ነገር ፀረ አካል ስለሆነ፣ ቂጥኝ ይዟት የማታውቅ የሉፐስ ታማሚ በእርግዝና ክትትል ጊዜ «ተገኘብሽ» ልትባል ትችላለች። ውጤቱን በሌላ ዓይነት ምርመራ ሳያረጋግጡ ለባልና ለሚስት መንገር ከባድ በደል ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው የኩላሊት መቆጣት ነው፤ ከ10 ታማሚዎች በ4ቱ ገደማ ላይ ይደርሳል፣ የሚጀምረውም ምንም ሳያሳምም ነው። እግር ተጭኖ ሲለቀቅ ጎድጎድ ብሎ የሚቀር ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋት የዓይን ዙሪያ የሚያብጥ ከሆነ ጉዳቱ ገፍቷል ማለት ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሽንት ውስጥ የሚነከረው ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙን ቀይሮ ፕሮቲንና ደም መኖሩን ያሳያል። ይህ ምርመራና የደም ግፊት ልኬት በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠሩ ናቸው፤ በየሦስት ወሩ ሳይቋረጡ ቢደረጉ፣ በዓመት አንዴ በብዙ ወጪ ከሚገኝ ስፔሻሊስት የበለጠ ብዙ ኩላሊት ያተርፋሉ።

የሕክምናው ምሰሶ የሆነው መድኃኒትም ለቆላው ሰው ሩቅ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወባ መከላከያ መፓክሪን የተባለውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ ወታደሮች የቆዳ ሽፍታቸውና ቁርጥማታቸው ሲሻላቸው ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ፍራንሲስ ፔጅ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በሉፐስ ታማሚዎች ላይ ያገኘውን ውጤት በላንሴት መጽሔት አሳተመ፤ ከዚያም የክሎሮኪን ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ቦታውን ያዘ። ቫይቫክስ ለተባለው ወባ ክሎሮኪን ለሦስት ቀን ሲሰጥ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለሉፐስ ለዓመታት በየቀኑ ይወሰዳል፤ ውጤቱ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ በመሆኑ «አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ ዓይንም በመጀመሪያና ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲታይ ይመከራል። በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ የረመዳን ጿሚ ከኢፍጣር በኋላ፣ የሁዳዴ ጿሚም የዕለቱን ጾም ሲፈታ ሊወስደው ይችላል፤ በእርግዝና ጊዜም አይቋረጥም።

ፕሬድኒሶሎን በአንጻሩ ሕመሙን በቀናት ውስጥ ስለሚያስታግስ ታማሚዋ የዳነች ይመስላታል፤ ያለ ማዘዣ ደጋግማ ስትገዛው ግን ፊቷ ያብጣል፣ ስኳርና ግፊት ይነሣባታል፣ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳም ሊቀሰቀስ ይችላል። ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ያቆማልና።

ለሕክምና ከሐርቡ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩም የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ ቅዝቃዜውም በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ የጣቶችን የደም ሥር አጥብቦ ጣት እንዲነጣና እንዲጠቁር ያደርጋል። ስለዚህ ለሐኪም ቀጠሮ የምትወጣ ታማሚ ጓንትም ጥላም ያስፈልጋታል፤ ስስ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋልና ጥቅጥቅ ያለ ሻሽ ወይም ሂጃብ ይሻላል። ማሽላ ከመጠበቅ ማረፍ ለማትችል ሴትም ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለውን ሥራ ቤተሰቧ ቢረከባት ከመድኃኒት የማይተናነስ እርዳታ ነው።

ደሴ ሪፈራል ሆስፒታልና በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለአካባቢው ቅርብ ተስፋ ናቸው። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ የኢትዮጵያ ጦርነት ሲያዙ የደሴው ሆስፒታል ተዘርፏል፤ መድኃኒት ለአንድ ወር እንኳ ሲቋረጥ ሕመሙ ለሚያገረሽባቸው ሰዎች ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር የደቡብ ወሎዋን ተሁለደሬ ያቀፈው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሪፈር ወጪን ሊያቃልል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ደሴ ላይ የተወሰነው የመድኃኒት መጠንና የሚቀጥለው የሽንት ምርመራ ቀን በጽሑፍ ወደ ሐርቡ ጤና ጣቢያ ካልተመለሰ፣ እዚያ ያለው ነርስ ትኩሳቱን እንደገና ከወባ መጀመሩ አይቀርም።