የነፍሰ ጡር እናት ሥጋትና የጓዳው ጨው

የጸነሰች ሴት ሌሊት ከእንቅልፏ ትነቃለች። ልጁ ካልተንቀሳቀሰ ምን ሆኖ ይሆን ትላለች፤ ሲንቀሳቀስም አበዛው ብላ ትጨነቃለች። ይህ ሐሳብ በከተማም በገጠርም፣ በባለጸጋም በድኻም ቤት ያለ ነው። እኛም ዛሬ ለማንሣት የፈለግነው ሥጋቱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሳይሆን፣ በምን ላይ ቢውልና መቼ ቢጀምር ለሕፃኑ ይጠቅማል የሚለውን ነው።

ለምሳሌ ያህል ወደ ደጎሎ እንሂድ። ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች፤ በዙሪያዋ ያለው ጥቁር የዋልካ መሬት ስንዴና ጤፍ ያበቅላል። ሜዳው ሲያልቅ ምድሩ በድንገት ይቆረጥና ገደል ይሆናል፤ የክረምቱም ጎርፍ በየሸለቆው ወርዶ ወደ ዓባይ ይጓዛል። አንባቢ ይህን የመሬቱን ጠባይ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንደ አብዛኛው የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ በዚህም አገር የመጀመሪያ ልጇን የጸነሰች ሴት ነገሩን ቶሎ አትናገርም። የሰው ዐይን እንዳይበላት ስለምትፈራ ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ትሸሽጋለች። ከታወቀ በኋላ ግን ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዷ ጎረቤት ያማራት ነገር ካልተሰጣት በልጁ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል ትላለች። ሌላዋ ወተትና እርጎ አትቅመሺ፣ በልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል ትላለች። አማቷም «አይዞሽ ልጄ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ብቻ በቀትር ወንዝ አትውረጂ» ትላታለች። ሙስሊሙ በወዳጃው ዱዓ ያደርግላታል፤ ክርስቲያኑም ማርያም በሽልም ታውጣሽ ይላታል። ወሎ ነውና ሁለቱም ምርቃት ከአንድ መንደር ይሰማል።

ምርቃትና ዱዓ የሰውን ልብ ያጸናሉና የሚነቀፉ አይደሉም። የወተቱ ክልከላ ግን እናቲቱንም ልጁንም ይጎዳል። ሕፃን ሲወለድ በገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር በማሕፀን ውኃ ውስጥ ሳለ ቆዳውን ሲጠብቅለት የቆየ የተፈጥሮ ቅባት ነው እንጂ እናቱ የጠጣችው ወተት አይደለም። እንዲህ የማይጎዳውን ነገር ስንፈራ፣ የሚጎዳው ድምፁን ሳያሰማ በጓዳ በኩል ያልፋል።

የእንቅርት ምክንያት

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ተረቱ ስለ ተደራራቢ መከራ ይነገር እንጂ፣ እንቅርት በአገራችን ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ይመሰክራል። በአንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። ይህች ዕጢ ሥራዋን የምትሠራው አዮዲን በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱን ስታጣ ታብጣለች፤ እንቅርትም ይሆናል። አዮዲን በባሕር ውስጥ ይበዛል። በደጋ አገር ግን ዝናብና ጎርፍ ከአፈሩ አጥበው ስለሚወስዱት እህሉም ከብቱም ያጡታል። ቀደም ብለን የጃማን ገደልና ጎርፍ ያነሣነው ስለዚህ ነው። በ1997 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ከመቶ 36 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል፤ እንቅርት ባለባቸውም ላይ የጽንስ መጥፋት በርከት ብሎ ታይቷል።

ብዙ ሰው እንቅርትን የአንገት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይመለከተዋል። ትልቁ ጉዳት ግን በማሕፀን ውስጥ ነው። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ የራሱ ዕጢ ገና ሥራ ስላልጀመረች፣ አንጎሉን የሚያሳድግለትን ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። እናቲቱ አዮዲን አጥሯት እንደሆነ የሕፃኑ አንጎል በሚገባ አያድግም። ችግሩ ሲጸና ልጁ መስማትና መናገር የተሳነው ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ ሲቀል ደግሞ ጤነኛ መስሎ ያድግና በትምህርት ቤት ወደኋላ ይቀራል። እናቱም ጨው ነው ብላ አትጠረጥርም።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ብለን እንመልከተው። ሴትየዋ መጽነሷን ሸሽጋ ቆይታ በአራተኛው ወር ወደ ሐኪም ብትሄድ፣ ያ ብርቱ ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ሥጋቱ የመጣው ከአደጋው በኋላ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች ላይ ተደርጎ በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። አዮዲን ያለበት ዘይት በመርፌ ከተሰጣቸው እናቶች መካከል የተጎዳ ልጅ የወለዱት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ከአንዷ በቀር ሁሉም መርፌውን ሲወጉ ቀድመው የጸነሱ ነበሩ። ስዊዘርላንድም እንደ እኛ ተራራማ አገር ናትና በእንቅርት ስትሠቃይ ኖራ፣ በ1922 እ.ኤ.አ. አዮዲን በጨው ላይ መጨመር ከጀመረች በኋላ እንዲህ ያሉ ልጆች መወለዳቸው እየቀረ ሄደ።

ከአሞሌ እስከ አፍዴራ

ጨው በአገራችን ታላቅ ታሪክ አለው። አሞሌ ከአፋር ምድር በግመል ወደ ደጋ እየወጣ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። በቅርቡም ዘመን አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከአሰብ ይመጣልን ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ይህ ቀረ፤ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣው ጨው ቦታውን ቢተካም አዮዲን አልነበረበትም። ከ100 ቤተሰብ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በእኛው ዕድሜ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ በ15ቱ ቤት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናትም ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ አዮዲን አለበት ማለት በቂ አለበት ማለት አይደለም፤ ፋብሪካው የጨመረውን ፀሐይና እርጥበት መልሰው ሊወስዱት ይችላሉና።

ስለዚህ ባለቤቲቱ ጨው ስትገዛ አዮዲን እንዳለበት የተጻፈበትን እሽግ ትምረጥ። ፀሐይ ላይ አታስጣው፤ በውኃም አትጠበው። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አድርጋ ከምድጃው ራቅ ባለ ቦታ ታስቀምጠው። ወጡ ሊወጣ ሲል ትጨምረው እንጂ ከመነሻው ጀምሮ አታንተክትከው። ይህን ስንል ጨው ታብዛ ማለታችን አይደለም፤ ጨው ማብዛት ለደም ግፊት ጎጂ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን የሚያስፈልጋት አዮዲን 250 ማይክሮግራም ነው። ይህም በዘጠኙ ወር ሁሉ ቢጠራቀም የአንድ ግራም አንድ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለች ቅንጣት የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ አእምሮ ትወስናለች።

ቀድሞ ማሰብ

ከጨው ሌላም ቀድሞ የሚታሰብ አለ። የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚያድጉበት ቱቦ በተጸነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል፤ በዚያን ጊዜ ብዙዋ ሴት መጽነሷን ገና አላወቀችም። ፎሊክ አሲድ የተባለው ክኒን በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝና በፊት ቢጀመር ይህ ቱቦ ሳይዘጋ እንዳይቀር ይረዳል። ሾተላይ እያልን የምንፈራውም አንዱ ምክንያቱ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው። ይህም በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በጊዜው በሚሰጥ መርፌም ይከለከላል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፍሰ ጡር ሴት እስክትወልድ ድረስ ስምንት ጊዜ በባለሙያ እንድትታይ ይመክራል፤ የመጀመሪያውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ መሆን አለበት። ደም ከታያት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትሂድ።

መሸሸግ የፈለገች ከመንደሩ ትሸሽግ፤ ከጤና ባለሙያዋ ግን አትሸሽግ። ባልም ከገበያ ጨው ሲገዛ፣ አማትም የጨው ዕቃውን ስትከድን፣ ነጋዴም ጨዉን ከፀሐይ ሲያነሣ፣ ገና ላልተወለደ ልጅ እየሠሩ መሆናቸውን ይወቁ። ሥጋቱ የእናቲቱ ብቻ ሆኖ ኖሯል፤ ጥንቃቄው ግን የቤቱ ሁሉ ነው፤ መጀመር ያለበትም ሙሽሪት ወደ አዲሱ ጎጆዋ ከገባችበት ቀን ነው።